ከርነል ውስጥ ሜሞሪ ስንጠይቅ፦ ኬማሎክ፣ የራስ ካሽ፣ ስታክ ወይስ አስቀድሞ መያዝ?

በፒሲአይ ኤክስፕረስ ለሚሰካ የምልክት መቅረጫ ካርድ የሊኑክስ ድራይቨር፣ ማለትም በከርነሉ (በስርዓተ ክወናው እምብርት) ውስጥ ሆኖ ካርዱን የሚያሠራ ኮድ፣ ጽፈን ነበር። ካርዱ በሰከንድ ግማሽ ሚሊዮን ያህል መዝገብ ይልካል። ድራይቨሩ እያንዳንዱን መዝገብ ተቀብሎ ወረፋ ያስይዘዋል። ከላይ ያለው ፕሮግራም ደግሞ ከወረፋው እያነበበ ይወስዳል። ኮዱ ሲያነቡት ደስ ይላል፣ ስህተትም አልተገኘበትም። ግን አንድ ሙሉ ሲፒዩ ይበላ ነበር። ማሽኑ ላይ ሌላ ሥራ ሲደረብ ደግሞ መዝገብ ይጠፋል።

የሲፒዩ ጊዜ የት እንደሚሄድ በሚያሳየው በፐርፍ ስናየው ከላይ የተደረደሩት ስሞች የእኛ ፈንክሽኖች አልነበሩም። ኬማሎክ (ሜሞሪ መጠየቂያው)፣ ኬፍሪ (መመለሻው)፣ ሜምሴት (ሜሞሪን በአንድ እሴት መሙያው) እና የሜሞሪ አዳዩ (የአሎኬተሩ) የውስጥ ፈንክሽኖች ነበሩ። ወደ ኮዱ ተመልሰን ቆጠርን። ለአንድ መዝገብ 3 ጊዜ ሜሞሪ እንጠይቃለን፦ አንዴ ለመዝገቡ ራስጌ፣ አንዴ ለዳታው፣ አንዴ ለወረፋው ማያያዣ። በሰከንድ 1.5 ሚሊዮን ጊዜ መጠየቅ፣ 1.5 ሚሊዮን ጊዜ መመለስ ማለት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አማራጮች አንድ በአንድ አየን። አንዳንዱ ረዳን፣ አንዳንዱ ምንም አልፈየደም። ይህን የምጽፈው ያንን መንገድ ለሚጀምር ሰው ነው። አብዛኛው ሰው «የትኛው አሎኬተር ይፈጥናል?» ብሎ ይጀምራል። እኔ ይህን ጥያቄ ሦስተኛ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ሜሞሪው በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ ነው። ቀጥሎ ደግሞ፣ የሚያስፈልግ ከሆነ የግድ አሁን፣ እዚህ ቦታ ላይ መጠየቅ አለበት ወይ?

ዋጋው የሚከፈለው የት ላይ ነው

ሊኑክስ ትንንሽ ሜሞሪ የሚያድልበት አሠራር ስላብ ይባላል፤ ስላብ መጠናቸው እኩል የሆኑ ዕቃዎች የሚደረደሩበት ቁራጭ ሜሞሪ ነው፣ የእነዚህ ስላቦች ስብስብ ደግሞ ካሽ ይባላል። ሐሳቡ የጄፍ ቦንዊክ ነው፤ ሳን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ለሶላሪስ 2.4 ሠርቶት በ1994 በጽሑፍ አቀረበው። ሊኑክስ ሐሳቡን ወስዶ ለብዙ ዓመት 3 ዓይነት አሎኬተር ጎን ለጎን ይዞ ኖረ። ዛሬ የቀረው አንድ ነው፤ ክሪስቶፍ ላሜተር የጻፈውና በ2007 የገባው ኤስኤልዩቢ። ኤስኤልኦቢ በከርነል 6.4፣ ኤስኤልኤቢ ደግሞ በ6.8 ተሰናብተዋል። ስለዚህ የቆየ ምክር ስታነቡ ስለ የትኛው እንደሚያወራ ልብ በሉ። ዛሬ የማይሠራ ብዙ ምክር አሁንም ይዞራል።

ነገሩ በቀና ቀን ኬማሎክ በጣም ፈጣን ነው። እያንዳንዱ ሲፒዩ ለራሱ የተዘጋጀ የነጻ ሜሞሪ ዝርዝር አለው። ከላይ ያለውን አንስቶ መስጠት ነው፤ ሎክ (ሌላው እስኪጨርስ የሚያስጠብቅ ቁልፍ) የለም፣ መጠበቅ የለም። ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን ግን ሌላ ታሪክ ይጀምራል። በከፊል የተያዙ ስላቦች ይፈለጋሉ፤ ይኼ ሎክ አለበት። እነሱም ከሌሉ ሜሞሪን በትልልቅ ቁራጭ (በፔጅ) ወደሚያድለው ፔጅ አሎኬተር ይኬዳል። እዚያም ከጠፋና ጠያቂው መተኛት የተፈቀደለት ከሆነ፣ ከርነሉ ሌላ ሰው የያዘውን ሜሞሪ ማስለቀቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ ናኖሰከንድ መቁጠር ቀርቶ ሚሊሰከንድ ሊሆን ይችላል።

መለኪያ እንዲሆናችሁ አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። ባለ 10 ጊጋቢት ኔትወርክ ካርድ በትንሹ ፓኬት ሲሞላ በሰከንድ 14.88 ሚሊዮን ፓኬት ያስተናግዳል። ለአንድ ፓኬት የሚደርሰው 67.2 ናኖሰከንድ ነው። በ3 ጊጋኸርትዝ ሲፒዩ ይህ ወደ 200 ሳይክል ነው። ፓኬቱን መቀበል፣ መመርመር፣ ማስተላለፍ ሁሉ እዚያ ውስጥ መግባት አለበት። እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ኬማሎክ ቀላል ወጪ አይደለም። በተቃራኒው በሰከንድ 10 ጊዜ የሚጠራ ኮድ ውስጥ ስለ ኬማሎክ መጨነቅ ጊዜ ማባከን ነው። እዚያ ኬማሎክን ጠርታችሁ ወደ ቀጣዩ ሥራ እለፉ።

ፐርፍ ላይ በግልጽ የማይታይ ዋጋም አለ። የእኛ ድራይቨር መዝገቡን የሚይዘው በአንድ ሲፒዩ ላይ ነው፤ የሚመልሰው ግን አንባቢው ፕሮግራም የሚሮጥበት ሌላ ሲፒዩ ነው። ሜሞሪው የመጣበት ስላብ በሌላ ሲፒዩ እጅ ስለሆነ፣ ሲመለስ በፈጣኑ መንገድ አይሄድም። ስላቡን በአቶሚክ ኦፕሬሽን (ሌላ ሲፒዩ መሃል ሊገባበት በማይችል እርምጃ) መንካት ያስፈልጋል። ሁለቱ ሲፒዩዎች አንዱን የካሽ መስመር (እዚህ ካሽ የምለው የሲፒዩውን የራሱን ፈጣን ሜሞሪ ነው) እንደ ኳስ ይቀባበሉታል። «ኬማሎክ እኮ ፈጣን ነው» የሚለው መልስ አንድ ሲፒዩ ላይ ተይዞ እዚያው ለሚመለስ ሜሞሪ ልክ ነው። አንዱ ሲፒዩ አምርቶ ሌላው ለሚበላበት ሥራ ግን አይሆንም።

መለካት፣ በትክክለኛው ከርነል ላይ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ፐርፍ ሪከርድ ጊዜው የት እንደሄደ ይነግራችኋል። ስላብቶፕ የትኛው ካሽ ስንት ዕቃ እንደያዘ ያሳያል። ከርነል 6.10 ላይ ደግሞ በ2024 ጥሩ ነገር መጣ፦ የሜሞሪ አሎኬሽን ፕሮፋይሊንግ። ከርነሉ ሲገነባ ከተከፈተ፣ ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ስር አሎክኢንፎ የሚባለው ፋይል እያንዳንዱ የኮድ መስመር ምን ያህል ሜሞሪ እንደያዘ ይዘረዝራል።

እኔ አብዝቼ የምጠቀመው ግን ኬሜም የሚባሉትን ትሬስፖይንቶች (ከርነሉ ውስጥ የተተከሉ የመከታተያ ነጥቦች) ነው። ለእያንዳንዱ ጥሪ ማን እንደጠራ ይጽፋሉ። ከዚያም በላይ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ያሳያሉ፦ የጠየቃችሁት ባይትና የተሰጣችሁ ባይት። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ማየት ብቻውን ብዙ ነገር ያስተምራል። በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ካሳን (የሜሞሪ አጠቃቀም ስህተት መያዣው) ወይም የስላብ ማረሚያው በተከፈተበት ከርነል ላይ ፍጥነት አትለኩ። እነዚህ መሣሪያዎች ስህተት ለመያዝ የግድ ያስፈልጋሉ፤ ሁልጊዜ በሙከራ ከርነል ላይ ይሩጡ። ግን የአሎኬተሩን ፈጣን መንገድ ይዘጉታል ወይም በብዙ ምርመራ ያከብዱታል። እዚያ ላይ ያገኛችሁት ቁጥር ስለ ማረሚያው እንጂ ስለ ኮዳችሁ አይናገርም።

አማራጭ አንድ፦ ጭራሽ አለመጠየቅ

ብዙ ትርፍ ያለው እዚህ ነው።

ከእኛ ሦስት ጥያቄዎች የመጀመሪያዋ ወዳቂ የወረፋው ማያያዣ ነበረች። ኮዱን የጻፈው ሰው ከሌላ ዓለም የመጣ ነው። እዚያ ሊስት ማለት ወደ ዕቃው የሚጠቁም ለብቻው የተመደበ ማያያዣ ነው። ሊኑክስ ከርነል ውስጥ እንዲህ አይደለም። ሊስት ሄድ የሚባለው ማያያዣ ራሱ ዕቃው ውስጥ ይቀመጣል፤ በ64 ቢት ማሽን 16 ባይት ነው። ከማያያዣው ወደ ዕቃው ለመመለስ ኮንቴይነር ኦፍ የሚባለው ማክሮ አለ፤ ሥራው ቁጥር መቀነስ ብቻ ነው። ከርነሉ ሊስቶቹን በዚህ መልክ የሠራው ዕቃ ወረፋ ለማስያዝ ተብሎ ሜሞሪ እንዳይጠየቅ ነው። ስለዚህ ዕቃውን ወረፋ የምታስይዙበት ኮድ ውስጥ ኬማሎክ ካያችሁ ቆም ብላችሁ እዩት።

ሁለተኛዋ የዳታው ጥያቄ ነበረች። ራስጌውና ዳታው አብረው ይወለዳሉ፣ አብረው ይሞታሉ። እንዲህ ከሆኑ ለየብቻ መጠየቅ አያስፈልግም። የስትራክቱ (ፊልዶቹን አንድ ላይ የያዘው መዋቅር) መጨረሻ ላይ ርዝመቱ ያልተወሰነ አሬይ አድርጎ ሁለቱን በአንድ ጥያቄ መያዝ ይቻላል። መጠኑን ሲያሰሉ ስትራክት ሳይዝ የሚባለውን ማክሮ ይጠቀሙ፤ ማባዛቱ ከልክ ቢያልፍ ይጠብቃል። በእኛ ካርድ የዳታው ርዝመት ሁልጊዜ እኩል ስለሆነ ተራ አሬይ በቃን። ሦስቱ ጥያቄ አንድ ሆነ።

ስታክም አለ፤ ፈንክሽኖች ሲሮጡ ጊዜያዊ ዕቃቸውን የሚያስቀምጡበት ሜሞሪ ነው። ፈንክሽኑ ሲያልቅ አብሮ ለሚያልቅ ትንሽ ነገር ከስታክ የሚፈጥን የለም። ከርነሉ ራሱ እንዴት እንደሚያደርገው እዩ። ፖል የሚባለው ሲስተም ኮል የሚከታተላቸው ፋይሎች ጥቂት ከሆኑ 256 ባይት ስታክ ላይ ይበቃዋል፤ ሲበዙ ብቻ ኬማሎክ ይጠራል። ዳታን በብዙ ቁራጭ የሚያነቡትና የሚጽፉት ሪድቪ እና ራይትቪም እንደዚሁ ናቸው። እስከ 8 ቁራጭ ድረስ ዝርዝሩ ስታክ ላይ ይቀመጣል። አብዛኛው ጥሪ ትንሽ ስለሆነ አብዛኛው ጥሪ አሎኬተሩን አይነካም። ይህን አካሄድ ብትቀዱት አትከስሩም፦ ለተለመደው ትንሽ ጉዳይ ስታክ፣ ለማይለመደው ትልቅ ጉዳይ ኬማሎክ።

ግን ስታክ ጠባብ ነው። በ64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ማሽኖች ከ2014 (ከርነል 3.15) ጀምሮ 16 ኪሎባይት ነው፤ ከዚያ በፊት 8 ነበር። ያ 16 ደግሞ የእናንተ ብቻ አይደለም። ከእናንተ በፊት የፋይል ሲስተሙም፣ የዲስኩም ኮድ ከላዩ ቆርሶ ሊሆን ይችላል። ጥቂት መቶ ባይት ካለፈ እኔ ወደ ስታክ አልሄድም። መጠኑ በሩጫ ጊዜ የሚወሰን አሬይ ስታክ ላይ ማስቀመጥማ ጭራሽ ቀርቷል፤ እስከ ከርነል 4.20 ድረስ ከኮዱ ውስጥ አንድ በአንድ ተለቅሞ ወጥቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፦ ዲኤምኤ። ሃርድዌሩ በቀጥታ የሚጽፍበት ባፈር ስታክ ላይ አይቀመጥም። ከከርነል 4.9 ጀምሮ ስታኩ ራሱ በቪማሎክ (የተበታተኑ ፔጆችን አያይዞ በሚሰጠው) ሊመጣ ስለሚችል ድሮ በአጋጣሚ ይሠራ የነበረ ኮድ ይሰበራል። እንዲህ ያለ ባፈር ስትራክት ውስጥ ከሌሎች ፊልዶች ጋር መሸጎጥም አደገኛ ነው። ብዙ የአርም ቦርዶች ላይ ሲፒዩውና ዲኤምኤው ካሻቸው አይናበብም። ባፈሩና ጎረቤቱ ፊልድ አንድ የካሽ መስመር ከተጋሩ አንዱ የሌላውን ዳታ ያጠፋዋል። ስለዚህ ማያያዣውን አዋህዱ፣ ዳታውን አዋህዱ፣ የዲኤምኤ ባፈርን ግን ለብቻው ተዉት።

አማራጭ ሁለት፦ ኬማሎክ ወይስ የራስ ካሽ?

ሦስቱን ጥያቄ አንድ ካደረግን በኋላ ትሬሱን እንደገና አየነው። የጠየቅነው 264፣ የተሰጠን 512።

ኬማሎክ ለእያንዳንዱ መጠን ልክ የተሰፋ ልብስ የለውም። 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 96፣ 128፣ 192፣ 256፣ 512 እያለ እስከ 8192 ባይት የሚሄዱ መደቦች አሉት። 264 ባይት የጠየቀ 256ቱን በ8 ባይት ስላለፈ 512 ይሰጠዋል። 248 ባይት በየመዝገቡ ባዶውን ይቀመጣል። በ4096 ባይት ፔጅ ሲሰላ የሚገባው 8 መዝገብ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሐሳባችን የራሳችንን ካሽ መክፈት ነበር። ኬሜም ካሽ ክሪኤት ይባላል፤ ልክ 264 ባይት የሆነ ዕቃ ብቻ የሚያድል ካሽ ይሠራላችኋል። እንዲህ ከሆነ በአንድ ፔጅ 15 መዝገብ ይገባል። ዕቃዎቹ በካሽ መስመር ልክ ይሰለፉ ካላችሁ መጠኑ ወደ 320 ያድግና 12 ይሆናል።

ያን ከማድረጋችን በፊት ግን ስትራክቱን በፓሆል አየነው። ፓሆል በፊልዶች መካከል ያለውን ክፍተት የሚያሳይ መሣሪያ ነው። አንድ ባለ 1 ባይት ፊልድ ነበር፤ ከኋላው ባለ 8 ባይት የሰዓት ማኅተም። በመካከላቸው 7 ባይት ክፍተት። ወረድ ብሎ ሌላ ባለ 1 ባይት የቻናል ቁጥር፣ ከኋላው ባለ 8 ባይት ተራ ቁጥር። እንደገና 7 ባይት ክፍተት። ሁለቱን ባለ 1 ባይት ፊልዶች ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። 16 ባይት ይይዙ የነበሩት 8 ባይት ሆኑ። ስትራክቱ 264 መሆኑ ቀርቶ 256 ሆነ። በአንድ ፔጅ 16 መዝገብ፤ ያለ ምንም ካሽ፣ ሁለት መስመር ቦታ በመለዋወጥ ብቻ። እኔ ይህን ሥራ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ካሽ ከመክፈታችሁ በፊት ፓሆልን አሂዱ።

ለመሆኑ የራስ ካሽ ከኬማሎክ ይፈጥናል? በፈጣኑ መንገድ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሁለቱም ውስጣቸው አንድ ነው። ኬማሎክ መጠኑን አይቶ መደብ ይመርጣል፤ መጠኑ ቋሚ ቁጥር ከሆነ ያንንም ኮምፓይለሩ አስቀድሞ ይሠራዋል። ይባስ ብሎ ኤስኤልዩቢ ተመሳሳይ መጠንና ባሕርይ ያላቸውን ካሾች ያዋህዳል። በስማችሁ ካሽ ከፍታችሁ ስላብቶፕ ላይ ስሙን ብታጡት አትደንግጡ፤ ከሌላ ካሽ ጋር ተቀላቅሏል። ለየብቻ ማየት ከፈለጋችሁ ማሽኑ ሲነሳ ስላብ ኖመርጅ የሚለውን አማራጭ ስጡ። «የራሴን ካሽ ስከፍት ሜሞሪው የእኔ ብቻ ይሆናል» የሚለው ግምት በተለምዶው ከርነል ላይ ልክ አይደለም።

የራስ ካሽ የሚያዋጣው መጠኑ በሁለት መደቦች መካከል ሲወድቅና በአንድ ጊዜ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ዕቃዎች በሕይወት ሲኖሩ ነው። ዕቃው በአርሲዩ (አንባቢዎች ያለ ሎክ እንዲያነቡ በሚያደርገው ዘዴ) የሚጠበቅ ሆኖ ዓይነቱን ሳይለውጥ እንዲቆይ ሲፈለግ፣ ወይም ኮንስትራክተር (ዕቃውን አስቀድሞ የሚያሰናዳ ፈንክሽን) ሲያስፈልግ ደግሞ ምርጫ የለም። ከርነሉ ውስጥ አይኖዶች፣ ዴንትሪዎችና ታስክ ስትራክቶች (የፋይሎች፣ የፋይል ስሞችና የሚሮጡ ሥራዎች መዝገቦች) የየራሳቸው ካሽ ያላቸው በዚህ ምክንያት ነው። 20 ዕቃ ለሚይዝ ድራይቨር ኬማሎክ ይበቃል።

አማራጭ ሦስት፦ አስቀድሞ መያዝ

ሜሞሪው የግድ ካስፈለገ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፤ አሁን ነው ወይ መጠየቅ ያለበት? የእኛ መዝገቦች መጠናቸው እኩል ነው፣ ዕድሜያቸው አጭር ነው፣ አምራቹ አንድ ነው፣ በላተኛው አንድ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ዕቃውን አስቀድሞ ይዞ እያዞሩ መጠቀም ይሻላል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 256 ባይት የሆነ መዝገብ በ16,384 ብናባዛ ልክ 4 ሜጋባይት ነው። በሰከንድ 500,000 መዝገብ ሲመጣ 16,384ቱ የሚሞሉት በ33 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። አንባቢው ፕሮግራም በዚያ ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ካነበበ ምንም አይጠፋም። ይህን ሒሳብ ሳትሠሩ አስቀድማችሁ አትያዙ። ስንት እንደሚበቃ የሚነግራችሁ የምርቱ ፍጥነትና በላተኛው የሚዘገይበት ጊዜ ነው።

የክብ ወረፋ ራስን መጻፍ አያስፈልግም። ኬፊፎ የሚባለው አለ። መጠኑ የ2 ርቢ መሆን አለበት፤ አንድ አምራችና አንድ በላተኛ ብቻ ካሉ ሎክ አይፈልግም። አምራች ወይም በላተኛ ከበዛ ግን ሎክ የግድ ነው።

ይህ አማራጭ ሦስት ነገር ያስከፍላል። አንደኛ፣ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ቢውልም 4 ሜጋባይቱ ተይዞ ይውላል። ስለዚህ እኛ የምንይዘው ድራይቨሩ ሲጫን ሳይሆን መሣሪያው ሲከፈት ነው። ሁለተኛ፣ ሲሞላ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መወሰን አለበት። አንዳንዱ ሰው «ካለቀ ኬማሎክ እጠራለሁ» ይላል። እኛ ያንን ትተነዋል። ወረፋው የሚሞላው ማሽኑ በተጨነቀበት ሰዓት ነው። በዚያው ሰዓት አሎኬተሩም ተጨንቋል። መዝገቡን ጥለን የተጣለውን እንቆጥራለን፤ ቁጥሩንም ፕሮግራሙ እንዲያነበው እናወጣለን።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። የራሳችሁን የዕቃ ገንዳ ስትሠሩ ካሳን ያያችሁ የነበረውን ስህተት ማየት ያቆማል። ወደ ገንዳው የተመለሰ ዕቃ ለካሳን አሁንም በሕይወት ያለ ሜሞሪ ነው። ከተመለሰ በኋላ ቢነካ አይጮህም። በዚያ ላይ ገንዳውን በአንድ የጋራ ስፒንሎክ ከጠበቃችሁት ለብዙ ሲፒዩ ከኬማሎክ የባሰ ሊሆን ይችላል። ኤስኤልዩቢ ለየሲፒዩው ለየብቻ እንዲሠራ ብዙ ዓመት ተለፍቶበታል። አንድ ሎክ ያለው ቤት-ሠራሽ ገንዳ ያንን ልፋት ወደኋላ ይመልሰዋል። አስቀድሞ መያዝ ትርፍ የሚሰጠው ሎክ ሲቀር ነው።

በጅምላ፣ ፔጅ ፑል፣ ሜምፑል

አንዳንድ ሥራ በተፈጥሮው በጅምላ ይመጣል። ኔትወርክ ካርድ አንድ ጊዜ ሲጠራችሁ ብዙ ፓኬት ይዞ ነው። ያን ጊዜ ኬሜም ካሽ አሎክ ባልክ የሚባለው ጥሩ ነው። 16 ዕቃ በአንድ ጥሪ ይሰጣችኋል፤ የአንድ ጥሪ ወጪ ለ16 ይከፋፈላል። ለመመለስም እንዲሁ ፍሪ ባልክ አለ። አንድ በአንድ ለሚመጣ ሥራ ግን በጅምላ መያዝ ሌላ ማጠራቀሚያ መሥራት ማለት ነው፤ ያኔ ወደ አማራጭ ሦስት ተመለሱ። በከርነል 6.18 ደግሞ ሺቭ የሚባል ለየሲፒዩው የሚሠራ ማጠራቀሚያ ገብቷል። ካሹን ስትከፍቱ ትጠይቁታላችሁ፤ የማጠራቀሙን ሥራ ከርነሉ ራሱ ይይዝላችኋል።

የኔትወርክ ድራይቨር ከጻፋችሁ ፔጅ ፑል የእናንተ ነው። በ2018 ከከርነል 4.18 ጋር መጣ። ፓኬት የተቀበለውን ፔጅ ወደ ፔጅ አሎኬተር ሳይመልስ ለቀጣዩ ፓኬት መልሶ ይሰጣል። ትልቁ ጥቅሙ የዲኤምኤ ማፒንጉን እንደያዘ ማቆየቱ ነው። አይኦኤምኤምዩ (የመሣሪያዎችን የሜሞሪ አድራሻ የሚተረጉም ሃርድዌር) ባለበት ማሽን ማፒንግ መሥራትና ማፍረስ ፔጁን ከመጠየቅ በላይ ሊከብድ ይችላል።

ሜምፑል ስሙ ያሳስታል። ብዙ ሰው ለፍጥነት ይመርጠዋል። ሜምፑል ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንኑ የተለመደ አሎኬተር ነው። ያስቀመጠውን መጠባበቂያ የሚነካው አሎኬተሩ ሲነፍገው ብቻ ነው። ስለዚህ በደህና ቀን ከኬማሎክ ምንም አይፈጥንም። የተፈጠረበት ምክንያት ሌላ ነው። ሜሞሪ ሲጠብ ከርነሉ የቆሸሹ ፔጆችን (ገና ዲስክ ላይ ያልተጻፈ ዳታ የያዙትን) ዲስክ ላይ ጽፎ ቦታ ያስለቅቃል። ለመጻፍ ግን ራሱ ትንሽ ሜሞሪ ይፈልጋል። ያችን ትንሽ ካጣ ሁሉም ተያይዞ ይቆማል። ሜምፑል ያችን ትንሽ ሜሞሪ ያስጠብቃል። የዲስክ ኮድ የምትጽፉ ከሆነ የግድ ነው፤ ለፍጥነት ፈልጋችሁት ከሆነ ግን ተዉት።

ትልቅ ሜሞሪ ሲያስፈልግ

ኬማሎክ የሚሰጠው ሜሞሪ በፊዚካል አድራሻ የተያያዘ ነው። ማሽኑ ብዙ ቀን ከቆየ የተያያዘ 4 ሜጋባይት ማግኘት ዕድል ይሆናል። ቪማሎክ የተበታተኑ ፔጆችን ሰብስቦ አንድ አስመስሎ ያሳያል። ለማግኘት ይቀላል፤ ግን ፔጅ ቴብል (የአድራሻ መተርጎሚያ ሠንጠረዥ) መሥራት አለበት፣ ሲመለስም ቲኤልቢ (ሲፒዩው የተረጎማቸውን አድራሻዎች የሚያስታውስበት) ማጽዳት ይመጣል። ስለዚህ ቪማሎክን ሆት ፓዝ ላይ፣ ማለትም በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ በሚረገጥ መንገድ ላይ፣ በፍጹም አትጥሩ። ሲከፈት አንዴ፣ ሲዘጋ አንዴ ከሆነ ችግር የለውም። እኛ የመረጥነው ኬቪማሎክን ነው። መጀመሪያ የተያያዘውን ይሞክራል፣ ካጣ ወደ ቪማሎክ ይዞራል። ስትመልሱት በኬቪፍሪ መሆኑን አትርሱ።

ጥቃቅን የሚመስሉ

ኬዛሎክ ሜሞሪውን ዜሮ አድርጎ ይሰጣል። ወዲያው ሙሉ በሙሉ የምትጽፉበት ከሆነ ሁለት ጊዜ ጻፋችሁ ማለት ነው። ወደ ኬማሎክ መቀየር ይቻላል። ግን ያ ስትራክት ወደ ተጠቃሚ ፕሮግራም የሚገለበጥ ከሆነ ተጠንቀቁ። ቅድም ያየነው የፊልዶች ክፍተት ውስጥ ያለፈው ባለቤት ዳታ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ያ የደህንነት ቀዳዳ ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ዜሮው ይቆይ።

ኬማሎክን ስትጠሩ የምትሰጡት ጂኤፍፒ አቶሚክ የሚባለው ምልክት የፍጥነት ቁልፍ አይደለም። መተኛት በማይፈቀድበት ቦታ የሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ ለጭንቅ ቀን ከተቀመጠው ክምችትም ይወስዳል። መተኛት በምትችሉበት ቦታ «ይፈጥናል» ብላችሁ ብትጠቀሙበት ለኢንተራፕት (ሃርድዌሩ ሲፒዩውን አቋርጦ ለሚጠራበት ኮድ) የተቀመጠውን ትሻማላችሁ፣ እምቢ የመባል ዕድላችሁንም ትጨምራላችሁ።

ዴቭኤም ኬዛሎክ ድራይቨሩ ሲነሳ በጣም ምቹ ነው፤ መሣሪያው ሲነቀል ሁሉንም ይመልስላችኋል። ሆት ፓዝ ላይ ግን ጥፋት ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ተጨማሪ ራስጌ ይዞ በመሣሪያው ዝርዝር ላይ ይመዘገባል፤ እናንተ ካልመለሳችሁትም መሣሪያው እስኪነቀል እዚያው ይከማቻል። በኮድ ግምገማ ላይ ይህን ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ።

ድራይቨሩ አሁን

መሣሪያው ሲከፈት በኬቪማሎክ 4 ሜጋባይት ይያዛል። ካርዱ በራሱ የዲኤምኤ ቀለበት ላይ ይጽፋል። ድራይቨሩ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ባዶ መዝገብ ይገለብጥና የአምራቹን ጠቋሚ ወደፊት ይገፋል። አንባቢው ከመዝገቡ በቀጥታ ወደ ፕሮግራሙ ይገለብጣል፤ የራሱን ጠቋሚም ይገፋል። ሎክ የለም። ማያያዣ ስለማያስፈልግ ሊስት ሄዱም ከስትራክቱ ወጥቷል፤ በተረፈው 16 ባይት ለካርዱ የስህተት ምልክቶች ቦታ አገኘን።

ከዚያ የኬሜምን ትሬስ በእኛ ሞጁል ብቻ አጥርተን ከፈትነው። መሣሪያው ሲከፈት ጥቂት መስመሮች ወጡ። ካርዱ መቅረጽ ጀመረ። መዝገብ ቆጣሪው ሚሊዮኖችን እየቆጠረ ሲሄድ የትሬሱ ስክሪን ላይ አንድም አዲስ መስመር አልተጨመረም፤ መሣሪያውን እስክንዘጋው ድረስ።